አባባ ያልፈተሹት ባትሪ

ባትሪው ከሆሣዕና እጅ አምልጦ የሲሚንቶውን ደረጃ እየተላተመ ወረደና ግድግዳው ሥር ቆመ። ሊፍቱ ስለተበላሸ በእግሯ እየወጣች፣ በሌላው እጇ ደግሞ ለጓደኛዋ ለውብአለም ቴክስት እያደረገች ነበር። ሮጣ አነሣችው። ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። በእጅጌዋ ጠረገቻት፤ ስንጥቅ ግን አቧራ አይደለም፣ አይጠረግም።

ባትሪው የአያቷ የአቶ ሙሉነህ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌታቸው። ቤት ገብቶ ቻርጅ እንዲደረግ ምድር ቤት ከቆመው ብስክሌት ነቅላ እያመጣችላቸው ነበር። አባባ አገር ቤት ሳሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ነድተዋል። የሆሣዕና እናት ስፖንሰር አድርጋቸው ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ግን መሪ የሚባል ነገር ከእጃቸው ወጣ። የሚኖሩበት ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ አውቶቡስ ሳይጠብቁ የትም የማይደረስበት ሰፈር ነው። እሑድ እሑድ ስካርቦሮ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ሰው መለመን ነበረባቸው፤ «እንደ ሻንጣ አንሱኝ፣ አውርዱኝ ማለት ሰለቸኝ» ይሉ ነበር። ብስክሌቱ ሲገዛ ሰውዬው ዐሥር ዓመት የቀነሱ ያህል ወጣት ሆኑ።

ታዲያ የሚይዙት እንደዚያ ጭነት መኪናቸው ነው። ከመነሣታቸው በፊት ዙሪያውን ይዞራሉ። ጎማውን ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ ፍሬኑን ይሞክራሉ፣ መብራቱን አብርተው ያጠፋሉ፣ የሄልሜታቸውን ማሰሪያ ጎተት ያደርጋሉ። ሆሣዕና ልንዳው ስትል ሕጉ ዐሥራ ስድስት ዓመት ይላል ብለው ከለከሏት። የጎደላት አራት ወር ነው፤ አራት ወር ደግሞ ለአባባ አራት ወር ነው። እስከዚያው ሙያውን ያስተምሯታል። ባትሪ ከብርድ እንደገባ ቻርጅ አይደረግም፣ መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ። ከራሱ ቻርጀር ሌላ አይሰካበትም። ልብስ አይደረብበትም። እሳት ላይ የተጣደ ወተትና ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ትተውት አይሄዱም። ከሁሉ በላይ ግን የወደቀ ባትሪ ባለሙያ ሳያየው አይሰካም፤ ጉዳቱ እንደ ሆድ ሕመም ከውጭ አይታይም፣ ውስጥ ውስጡን ሄዶ ቤት ያቃጥላል።

ዘጠነኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ስትከፍት አባባ ቻርጀሩን አዘጋጅተው ይጠብቋታል።

«በደህና መጣ?»

«አዎ» አለች። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው የደነገጠችው። የተሰነጠቀውን ጥግ በመዳፏ ሸፍና አቀበለቻቸው።

አባባ ሳያገላብጡ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡት። የሸጠላቸውን ሰው እንኳ አላምን ብለው እያንዳንዱን ብሎን የነካኩ ሰው፣ ከእሷ እጅ የመጣውን ግን አይፈትሹም። ሆሣዕናን ያሳፈራት ይኼ ነው።

ባትሪው እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሦስት ጊዜ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ለውብአለም ብትጽፍላት «ቺል በይ፣ ትንሽ ስንጥቅ ምንም አታደርግም» ብላ መለሰችላት። አባባ ደግሞ ስለ ነገው እሑድ ያወራሉ። የመክፈቻው ጸሎት ነገ የእሳቸው ተራ ነው፤ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ከሁሉም ቀድመው ሊደርሱ ነው። ከዚያ ባትሪውን ሰኩት። ቀይ መብራት በራ።

«ዛሬ ወገቤን ደከም ብሎኛል» አሉ። «አንቺ ካየሽልኝ ጋደም ልበል።»

በሩ ሲዘጋ ሆሣዕና ከመብራቱ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሁለት ደቂቃም አልቻለችም፤ ተነሥታ ነቀለችው። በሁለት እጇ አቅፋ ባልኮኒው ላይ አወጣችና ባዶው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው። ልቧ ግን አልተመለሰም። በእርግጥ አሁንም ዝም ማለት ይቻላል። ነገ አልሞላም ሲሉ «እንጃ» ማለት ይቻላል። ፋብሪካውን ማማት ይቻላል፤ ፋብሪካ አይሰማም። አባባ ግን ሱቁ ድረስ ሄደው ሰውዬውን መሞገታቸው አይቀርም። «የልጅ ልጄ ናት በእጇ ያመጣችው» ብለው እንደሚምሉላት ታውቃለች።

ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«አባባ፣ ተኝተዋል?»

«ጋደም ነው ያልኩት። ግቢ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ባትሪው ደረጃው ላይ ወድቆብኛል። ተሰንጥቋል። ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። አሁን ነቅዬ ባልኮኒ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሶሪ።»

አባባ ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። ቢቆጧት በወደደች ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም እጆቿን ያዙና አገላብጠው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አዩ።

«አንቺን አልነካሽም?»

ሆሣዕና እንባዋን መያዝ አልቻለችም። አባባም ቸኩለው አላባበሏትም፤ መዋሸቷ እንዳሳዘናቸው፣ መናገሯ ደግሞ እንደቀለላቸው ነገሯት። ስለ ባትሪው ሰኞ ሱቁ ደውለው እንደሚጠይቁ ተናገሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አነሡ። ለነገ መኪና ያለው ሰው መለመን ነዋ፤ እንደ ሻንጣ።

«አይደውሉ» አለች። «ሁለት አውቶቡስ ነው። አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ለአውቶቡሱ ማልደን መነሣት አለብን። እሑድ ደግሞ ተኝተሽ የምታረፍጂበት ቀንሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አባባ ትንሽ አዩዋትና ስልኩን መልሰው አስቀመጡት። ሆሣዕና አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ የራሷን ስልክ አወጣችና ማንቂያውን ለንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሞላችው።