የፕዮ ሚሱን አምስት ካርዶች

ፕዮ ሚሱን ከቢሮ ጠረጴዛዋ ሥር በግራ ጎኗ ወድቃ ተገኘች። ከጆሮዋ በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልተወም፤ አራት ጊዜ፣ ምናልባትም አምስት ጊዜ መትቷል። ደሙ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የካርድ ማስታወቂያዎች አልፎ ጣሪያው ላይ ተረጭቷል። ወለሉን ከሥር የሚያሞቀው ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለነበር መሬት ላይ የፈሰሰው ደም ዳር ዳሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከእግሯ አጠገብ የበረዶ መስበሪያ መዶሻ ወድቋል። ፀጉር ተጣብቆበታል።

መርማሪ ሶል ኢንጃ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ያም ሆኖ ከመቅረቧ በፊት ሁልጊዜ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ሟቿን በዓይን ታውቃት ነበር። በኢንቾን የዓሣ ገበያ ሚሱንን የማያውቅ የለም። ቀይ ሰደርያዋን ለብሳ በሱቆቹ መሃል እየዞረች፣ ለማን የትኛው ክሬዲት ካርድ እንደሚሻል እየመከረች ታስመዘግብ ነበር።

«ሰዓቱን ንገረኝ» አለችው ሐኪሙን።

«ወለሉ ሰውነቷን አሙቆ አቆይቶታል። ከቀኑ ስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ከዚህ አጥብቤ ብናገር ውሸት ይሆናል። ጥርሷን ግን እዪው።»

ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ተሰብሯል። በቀሩት መሃል የቀይ ላስቲክ ጓንት ቁራጭ ተሰክቷል።

«ነክሳለች» አለች ኢንጃ።

«አጥብቃ ነው የነከሰችው። ጓንቱ እስከ ክርን የሚደርሰው ዓይነት ነው፤ እጅ ይሁን ክንድ አላውቅም። ምልክቱ ግን ቶሎ አይጠፋም።»

አለቃዋ ያንግ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። «ሶል፣ አትድከሚ። ሰውየውን ይዘነዋል። ኩ ዶንግሱ ይባላል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ አጥማጅ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን በር በእርግጫ እየደበደበ ‹ውጪ! እገድልሻለሁ!› ሲል መላው ገበያ ሰምቶታል። መዶሻው ከእናቱ ሱቅ የወጣ ነው። እጁም በፋሻ ተጠቅልሏል።»

«ዓሣ አጥማጅ ነው አልከኝ? እጁ ደህና ቢሆን ነበር የምጠረጥረው።»

«ቀልጂ አንቺ። ይልቅ ስልኳን እዪ።»

ካርድ በተጠቀመች ቁጥር ስልኳ መልእክት ይደርሰዋል። የዕለቱ ሦስት ነበሩ። ሰባት ሰዓት ከአሥር፣ ነዳጅ ማደያ። ሰባት ከአርባ፣ ሱፐርማርኬት። ስምንት ከአምስት፣ መድኃኒት ቤት። በሦስቱም ቦታ ካሜራው ያሳየው ቀይ ሰደርያ የለበሰች፣ ሰፊ ኮፍያ ያጠለቀች፣ ማስክ ያደረገች ሴት ነው። የዚያን ቀን ከበረሃ የሚነፍሰው ቢጫ አቧራ ከተማውን ሸፍኖት ስለነበር ማስክ ያላደረገ ሰው አልነበረም።

«በየቦታው የወጣው ተገቢው ካርድ ነው» አለ ያንግ። «ነዳጅ በነዳጁ፣ አስቤዛ በገበያው፣ መድኃኒት በመድኃኒቱ። እንደዚያ የምትጠነቀቅ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እስከ ስምንት ከአምስት በሕይወት ነበረች፤ ልጁ ዘጠኝ ላይ መጣ፤ ባሏ አሥራ አንድ ላይ ሬሳዋን አገኘ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ።»

ጣቢያው ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሽርጧ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቋል። የዶንግሱ እናት ቹ ማልሱን ነበረች። ኢንጃን ስታይ ተነስታ እጇን ያዘቻት።

«የኔ እመቤት፣ እዚያ ውስጥ አንዱ እስረኛ በቦክስ ከንፈሩን ሰንጥቆታል። አየሁት እኮ! ልጄ ይጮሃል እንጂ ሰው አይመታም።»

«ለምን ጮኸባት?»

«በእኔ ስም ሁለት ካርድ ወጥቷል። እኔ የማውቀው አንድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ማንበብ አልችልም ነበር፤ አንዷ ቀይ ሰደርያ ለባሽ ‹እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ› አለችኝ፣ ፈረምኩ። መልኳን አላስታውስም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይለብሳሉ። አሁን ትምህርት ስገባ የመጣውን ደብዳቤ ራሴ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። ለልጄ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ዶንግሱ ትናንት... ዛሬ ማለቴ፣ ስንት ሰዓት ከባሕር ገባ?»

«ጀልባቸው የታሰረው ስምንት ከአርባ ላይ ነው። ስድስቱም አብረው ነበሩ። ይህ ይጠቅመዋል?»

«እስካሁን አይጠቅመውም፣ እናቴ» አለች ኢንጃ። ልትዋሻት አልፈለገችም።

የሟቿ ባል ኦ ጊቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አውራ ጣቱ በፋሻ ታስሯል። ኢንጃ እንዲፈታው ስትጠይቀው ሳያቅማማ ፈታው፤ ጥፍሩ ጠቁሯል፣ የጥርስ ምልክት ግን የለበትም።

«የአውቶቡሱ በር ነው የያዘኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ስነዳ ነበር። ከዚያ ቤት ገብቼ ተኛሁ፤ ብቻዬን። እንግዲህ እኔም ተጠርጣሪ ነኝ ማለት ነው።»

ኢንጃ የሚሱንን አምስት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እያንዳንዱ ላይ በሚሱን እጅ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። «እስቲ ያስረዱኝ። እኔ አንድ ካርድ ነው ያለኝ።»

«አንድ? ብትሰማሽ ትሰድብሽ ነበር።» ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «ይሄ የነዳጅ ነው፣ በየሊትሩ ይቀንሳል። ይሄ የገበያ። ይሄ የመድኃኒትና የሐኪም። ይሄ ለባቡርና ለአውቶቡስ። ሰማያዊው ለሁሉም ነው፤ የሚቀንሰው ትንሽ ነው፣ ግን የትም ይቀንሳል፣ ጣሪያም የለውም።»

«ጣሪያ ማለት?»

«ልዩ ልዩዎቹ ብዙ ይቀንሳሉ፣ ግን በወር እስከዚህ ድረስ ብቻ ይላሉ። ከሞላ በኋላ ብትከፍይበት ምንም አይቀንስልሽም። ባለፈው ወር በደንብ ካልተጠቀምሽበትም እንደዚያው ነው። ‹አንዱን ያዢና ተገላገይ› ስላት ‹አንተ በአንድ ጫማ ሰርግም ቀብርም የምትሄድ ሰው› ትለኛለች።»

«በዚህ ወር ጣሪያው የሞላ አለ?»

ጊቴ ትንሽ አሰበና ቀና አለ። «የነዳጁ! ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን ሳላውቅ ቀዳሁበት። ደረሰኙን አይታ በእርጥብ ፎጣ ጀርባዬን ገረፈችኝ። ‹ትናንት ሞልቷል እኮ፣ አንተ እንጨት! እስከ ቀጣዩ ወር መግቢያ በሰማያዊው ብቻ!› አለችኝ።»

ኢንጃ ብዕሯን አስቀመጠች። ሚሱን የሞተችው በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሚሱን የሥራ ባልደረባ ባንግ ሄራን ጋ ሄደች። ሄራን እንደ ሚሱን ቀይ ሰደርያ ለብሳ በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ ሴቶችን ለካርድ ስታስመዘግብ ነበር። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ነው ሰላም የምትል።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። ገብስ ሻይ ላምጣልዎ።»

ጽዋውን በግራ እጇ ቀድታ በግራ እጇ ሰጠቻት። ኢንጃ በሁለት እጇ ተቀበለች። ለታላቅ ሰው በአንድ እጅ ዕቃ መስጠት ሕፃን እንኳ የሚቆነጠጥበት ነውር ነው፤ እንዲህ ያለች ትሑት ሴት እንዴት አደረገችው? የሄራን ቀኝ ክንድ በረጅም እጅጌ እንደተሸፈነ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ከስምንት ተኩል ጀምሮ እዚሁ። ሠላሳ ሴቶች ይመሰክሩልኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ምን ያደርጋል፣ እትዬ? ሚሱን እስከ ስምንት ሰዓት በሕይወት ነበረች ሲሉ ሰማሁ። ገበያው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው።»

«እኔም ካርድ ላወጣ አስቤአለሁ። የትኛውን ትመክሪኛለሽ?»

የሄራን ፊት በራ። «መኪና ካለዎት የነዳጁን፣ ቤት ካስተዳደሩ የገበያውን፣ የታመመ ካለ የመድኃኒቱን። እያንዳንዱን በቦታው መጠቀም ነው፣ በቃ።»

«በወር ገደብ የላቸውም?»

«ኧረ እትዬ፣ ያን ያህል ዝርዝር ማን ያነባል!»

ከዚያ ኢንጃ መድኃኒት ቤቱን ጠየቀች። ቀይ ሰደርያ የለበሰችው ሴት የገዛችው ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃና የሕመም ማስታገሻ ነበር። በሚሱን መኪና ውስጥ የሱፐርማርኬቱ ዕቃ ሳይነካ ተቀምጧል። ፋሻው ግን በመኪናውም በቢሮውም የለም።

ለስድስት ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም በሚሱን ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ደሙ በከፊል ታጥቧል፤ ሽታው ግን አለ። ዶንግሱ በካቴና ታስሮ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ በያንግ አጠገብ ተቀመጠ። ማልሱን ከልጇ ዓይኗን አልነቀለችም። ጊቴና ሄራን ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«ጊዜ የለንም» አለች ኢንጃ። «ትናንት ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ በነዳጅ ካርድ ነዳጅ ተቀዳ። ትክክል ይመስላል። ግን የካርዱ የወሩ ቅናሽ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አልቋል፤ ካርዱን የሰጠው ድርጅትም ዛሬ ጠዋት አረጋግጦልኛል። ሚሱን ብትሆን ኖሮ ሰማያዊውን ነበር የምታወጣው።»

«ሰው አይረሳም እንዴ?» አለች ሄራን።

«በዚሁ ስህተት ባሏን በፎጣ የገረፈች ሴት በስምንት ቀን አትረሳም። ደግሞ ያ ፋሻ ለማን ነው? የሚሱን ገላ ላይ የታሰረ ፋሻ የለም። ስለዚህ ካርዶቹን ይዛ የዞረችው ሚሱን አይደለችም። ሚሱን በዚያ ሰዓት እዚህ ወለል ላይ ሞታ ነበር። ገዳዩ የወለሉን ማሞቂያ ከፍቶ አጋላት፤ እንደሷ ቀይ ሰደርያ ለበሰ፤ በሕይወት እንድትመስል በመኪናዋ ዞረላት፤ ካርዶቹንም መልሶ አስቀመጠ።»

ያንግ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደዚያ ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ...»

«ተገለበጠ። ሚሱን ስድስት ሰዓት ላይ የምሳዋን የኑድል ሳህን ለምግብ አመላላሹ ስትመልስ ታይታለች። የሞተችው ከዚያ በኋላ፣ ከሰባት ከአሥር በፊት ነው። ዶንግሱ ያኔ ከአምስት ሰዎች ጋር ባሕር ላይ ነው። ጊቴ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ካሜራው ይዞታል። እሱማ የነዳጁ ካርድ መሙላቱንም ያውቃል፤ ተገርፎበታል። ገዳዩ የትኛው ካርድ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ጣሪያውን ግን ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው ነው።» ወደ ሄራን ዞረች። «ቀኝ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ሄራን አልሰበሰበችም። ጠረጴዛው ላይ የተሰረዙ ካርዶች መቁረጫ መቀስ ነበር። በግራ እጇ አፈፍ አድርጋ ከማልሱን ጀርባ ገባችና ጫፉን አንገቷ ላይ ደቀነች።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ! እወጋታለሁ!»

ዶንግሱ በካቴና እንደታሰረ ዘለለ። መቀሱ ከእናቱ አንገት ተነስቶ ትከሻው ላይ እስከ መያዣው ተሰካ። እሱ ግን አልቆመም፤ በግንባሩ የሄራንን አፍንጫ መታ፣ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ኢንጃ የሄራንን ቀኝ ክንድ ይዛ ጠመዘዘችው። ሄራን እንደ እንስሳ ጮኸች። እጅጌው ተቀደደ፣ ፋሻው ተፈታ። ክንዷ ላይ ጠቁሮ ያበጠ የጥርስ ቅርጽ አለ፤ አንዱ ጥርስ የተሰበረበት ቦታ ክፍት ነው።

«ለምኛት ነበር!» አለች ሄራን ደም ከአፍንጫዋ እየፈሰሰ። «ተንበርክኬ! አሥራ አንድ የማያነቡ ሴቶች ናቸው፤ በስማቸው ሁለተኛ ካርድ አወጣሁ፣ ተጠቀምኩበት። እመልሰዋለሁ አልኳት። ‹ሰኞ ለድርጅቱ እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንቺ ራስሽ ለማልሱን ትነግሪያታለሽ› አለችኝ። ‹መልካችንን ስለማትለይ ልጇ እኔን ሌባ ብሎ ይሰድበኛል፣ ግድ የለም፣ ይስደበኝ፤ አንቺ ግን ትነግሪያታለሽ› አለችኝ። ከታች ካለው ከማልሱን ሱቅ መዶሻውን አመጣሁ።»

ፖሊሶች ይዘዋት ወረዱ። ያንግ የዶንግሱን ካቴና ፈታ። ፋይሉ በብብቱ እንደተያዘ ቀረ።

ማልሱን የልጇን ቁስል በሽርጧ ተጭና ያዘች። «ደምህ... ተቀመጥ፣ ተቀመጥ አልኩህ! አምቡላንስ ጥሩልኝ!»

ዶንግሱ ግን አልተቀመጠም። ደም ወዳቆሸሸው ወለል እያየ ነበር።

«ጋሼ» አለ ጊቴን። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ስረግጥ...»

«አዎ።»

«‹እገድልሻለሁ› ስላት...»

«ሞታ ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ሆኗት ነበር።»

«ለእናቴ ስትል ነው የሞተችው። እኔ ሬሳዋን ነው የሰደብኩት።»

ጊቴ በጠቆረው አውራ ጣቱ ዓይኑን ጠረገ። «በሩን ሰብረህ ብትገባም አትደርስላትም ነበር፣ ልጄ» አለ።

ዶንግሱ ተንበረከከ። በአንድ እጁ ብቻ ወለሉን ይዞ፣ ለሙት እንደሚሰገደው ሁለት ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነካ። ማልሱን ሽርጧን ከቁስሉ ላይ ሳታነሳ አብራው ወረደች፣ አብራው ተነሳች።