ፊትና ኋላ የማያውቀው ሞተር

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፣ ጋዙ ለነገም ያስፈልገናል። በሩን ገርበብ ያደረገው ማነው? ዝጉት! የምነግራችሁ ነገር በር ተከፍቶ አይነገርም።

ድሮ ነው። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የመንደሩን ስም ከጠራሁ እዚህ መሃል ዘመድ ያለው አይጠፋም። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ጥርጊያ መንገድ አለ። ባንድ በኩል ተራራ፣ ባንድ በኩል ገደል። ጨረቃ የለችም። ሰው የለም። ጅብ እንኳ የለም። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ሰዓት፣ ጨው የጫነ መኪና ዳገቱን ይወጣል። ሾፌሩ አበጋዝ ይባላል። ብቻውን ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ያለ ረዳት ዳገት ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ታዲያ ይሄ ሰው ለምን ብቻውን ሆነ? እሱን ልንገራችሁ።

መኪናው አሮጌ ነው። ሞተሩ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም። የዛሬው የናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ሁለቴ ወጥቶ አንዴ ይተኩሳል፤ ያኛው ግን በወጣ ቁጥር ይተኩሳል። ስለዚህ ይጮሃል። መጮህ ብቻ መሰላችሁ? ያላዝናል! ከጋራ ማዶ ይሰማል። ጉልበት አለው፣ ግን ክፉ አመል አለበት። ሜካኒኩ ገና ሲያስረክበው ነግሮታል።

«ስማ አበጋዝ፣ ይሄ ሞተር ፊትና ኋላ አያውቅም። ዳገት ላይ ጠፍቶብህ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ፣ ተገልብጦ ይነሳብሃል። ያን ጊዜ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ ብትሰጠው፣ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ጭሱን እይ። ጭስ ማውጫውን ትቶ አየር በሚስብበት አፍ ከወጣ ተገልብጧል፤ ቶሎ አጥፋው።»

አበጋዝ ሰማ። ሰማ እንጂ፣ ጆሮ አለው!

መድኃኒቱም ቀላል ነበር። ሞተሩ ዳገት ላይ ከጠፋ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ታኮውን፣ ያንን የእንጨት ሽብልቅ፣ ከኋላ ጎማ ስር ይወሽቃል። ከዚያ «ያዘ!» ብሎ ይጮሃል። «ያዘ» ሳይባል ፍሬን አይለቀቅም። ይሄን ሕግ የማያውቅ የዚያ መንገድ ሾፌር አልነበረም።

የአበጋዝ ረዳት ጌጡ የሚባል ጎልማሳ ነበር። እናቱ እማማ ውድነሽ፣ መካን ናቸው ሲባሉ ኖረው በስተርጅና ነው ያገኙት። «ልጅ ስጪኝ እንጂ አስካሪ መጠጥ በአፉ አይዞርም» ብለው ለእመቤታችን ተስለው። ጌጡም አልቀመሰም። በሠርግ ውሃ፣ በለቅሶ ውሃ፣ በዓመት በዓል ውሃ። ሾፌሮቹ «ዓሣው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አንድ ቀን ያ ሞተር ዳገቱ ላይ ጠፋ። ጌጡ ታኮውን ይዞ ወረደ። አበጋዝ ቸኮለ። «ያዘ» አልተባለም። እሱ ግን መኪናው ተንሸራቶ እንዲነሳለት ፍሬኑን ላላ አደረገ። ሞተሩ ተነሳ፤ ተገልብጦ። አበጋዝ ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ወደ ኋላ ዘለለ። ጌጡ ከኋላ ነበር።

ሰው ሲሰበሰብ አበጋዝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጠጥቶ ነበር» አለ። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ወህኒ እወርዳለሁ ብሎ ፈራ። የሞተ ሰው ደግሞ አይከራከርም። ሕዝቡስ ምን አለ? «ስለቱን አፍርሶ ነው፣ እመቤታችን ቀሰፈችው» አለ። ሕዝብ መቼ ደግ አስቦ ያውቃል! እማማ ውድነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መግባት አፈሩ። የአበጋዝ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን መንገድ ዳር ወጥተው ያስቆሙታል።

«በሞቴ አበጋዝ፣ ልጄ ጠጥቶ ነበር?»

«አዎ እማማ፣ ጠጥቶ ነበር» ይላል፤ መሪውን ይዞ፣ ፊት ለፊቱን እያየ። አይ ሰው!

ረዳቶቹ ግን ጌጡን ያውቁታል። «ሙት ከሚያማ ሾፌር ጋር አንሳፈርም» አሉ። ብቻውን የቀረው ለዚህ ነው።

እና ያን ሌሊት፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሞተሩ ጠፋ። ያ ሁሉ ጩኸት ጭጭ አለ። አበጋዝ ፍሬኑን ረገጠ። የእጅ ፍሬኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ማን ታኮ ያስገባለት? ቢወርድ መኪናው ገደል ይገባል፤ ባይወርድ እግሩ ይዝላል። ላብ አጠመቀው።

ከኋላ ጠጠር ተረገጠ። ቀጭ። ቀጭ።

«ማነህ?» አለ። 

ከዚያ የመኪናው ጎን ተመታ፤ ረዳት በመዳፉ እንደሚመታው። በመስተዋቱ አየ፤ ጨለማ ነው። የናፍጣና የላብ ሽታ መጣ። ሽታው በሩ ድረስ ቀረበ፣ መስኮቱ ድረስ ቀረበ። ከዚያ ድምፅ።

«ጋሼ አበጋዝ፣ ታኮውን ላስገባልህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እሱ ፍሬኑን ይበልጥ ረገጠ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ጠጥቼ ነበር ወይ?»

«አልጠጣህም! ኧረ አልጠጣህም ጌጡ! እኔ ነኝ የቸኮልኩት!»

«ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ። ለእናቴ ንገራት።»

«እነግራለሁ! በአባቴ አጥንት፣ እነግራለሁ!»

ከጎማው ስር እንጨት ሲወሸቅ ተሰማ። «ያዘ!»

አበጋዝ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። በሩን በርግዶ ወረደ፣ ቁልቁል ሮጠ። አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ፤ ዞሮም አላየው።

እማማ ውድነሽ ደጅ ሲደርስ ነግቷል። አሮጊቷ ሲያዩት ደነገጡ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ? ቁጭ በል፣ ውሃ ላምጣልህ» አሉት። የልጃቸውን ገዳይ ውሃ አጠጡት! ጎረቤት ተሰበሰበ። አጥቢያ ዳኛውም መጣ። አበጋዝ ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ፀሐይ ወጥታለች አይደል? ፀሐይ ስትወጣ ፈሪ ሁሉ ይደፍራል። ዳኛውን አየ። ሰዉን አየ። ድካም ነው ያቃዠኝ አለ በልቡ።

«በሞቴ አበጋዝ፣ ንገረኝ። ልጄ ጠጥቶ ነበር?»

«አዎ እማማ... ጠጥቶ ነበር።»

ቃሉን ሳይጨርስ ከላይ ከዳገቱ ያ ሞተር ጮኸ። ሰዉ ቀና ቢል፣ መኪናው በጀርባው ወደ መንደሩ እየመጣ ነው። መሪው ላይ ማንም የለም። ጭሱ የሚወጣው አየር በሚስብበት አፍ ነው። ከጎኑ ድምፅ አለ፤ ሰው የለም፣ ድምፅ ብቻ። ረዳት ሾፌሩን ወደ ኋላ ሲያስመጣው እንደሚጣራው፦

«ና! ና! ና!»

ሕዝቡ ተበተነ። አበጋዝ በቀኝ ሮጠ። «ቀኝ ስበር!» አለ ድምፁ፤ መኪናው ቀኝ ሰበረ። በግራ ሮጠ። «ግራ ስበር!» የድንጋዩ አጥር ጥግ ያዘው፤ መሄጃ አጣ።

እማማ ውድነሽ አልሮጡም። ድምፁን አውቀውታል። እንባቸው ይወርዳል።

«አበጋዝ» አሉ፣ «ይሄ የሰከረ ሰው ድምፅ ነው?»

«አይደለም! ጠጥቶ አያውቅም! እኔ ነኝ የገደልኩት! ሰዎች ስሙኝ፣ እኔ ነኝ! እማማ፣ በእመቤቴ፣ በቃ ይበሉት! እርስዎን ይሰማል!»

እውነቱን ነው፤ ጌጡ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። አንዲት ቃል ናት። ሕዝቡ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። መኪናው ቀርቧል። «ና! ና!»

እማማ ውድነሽ ዝም አሉ።

አበጋዝን ከአጥሩ ስር አንስተው ቀበሩት፤ የጌጡ ስም ግን ያን ቀን ነጻ። በእሑዱ ካህናቱ ራሳቸው ቤታቸው ድረስ መጥተው «ይምጡ እማማ፣ ልጅዎ ስለቱን አላፈረሰም» ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። እማማ ውድነሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተራመዱና ቆሙ። «የሱን ስም ይዛችሁልኝ ግቡ» አሉ። «እኔ አሁን መግባት አልችልም።» እስኪሞቱ ድረስ ውጭ ቆመው ነው ያስቀደሱት።

በሉ፣ መሽቷል፣ ተነሱ። ተያይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር። በሙት ላይ የዋሸ ካለ ደግሞ እዚሁ ይደር፤ መደቡ ላይ ቦታ አለ።