በቤቴል የታማው ቤት

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ከተማይቱን እንደገና ባስጨነቃት ሰሞን፣ በኮልፌ ቀራንዮ ሰው ከሰው ይሸሽ ነበር፤ ከአየር ጤና በተነሣ ታክሲ ውስጥ የሳለ ሰው ከተገኘ ፌርማታው ሳይደርስ ያወርዱት ነበር።

ሲስተር ወርቅዬ የበሽታውን ዱካ ቤት ለቤት የምትከታተል፣ የሰፈሩንም ሰው ደም ግፊት እየዞረች የምትለካ ነርስ ነበረች። አንድ ሰኞ ከላቦራቶሪ ደብዳቤ ደረሳት፤ በዚያው ክፍለ ከተማ በቤቴል ሰፈር የታመሙትን ሦስት ሰዎች የያዛቸው አዲስ የቫይረስ ዝርያ ነውና ምንጩ ይጣራ የሚል። ሦስቱም ረቡዕ ረቡዕ በአቶ ወልደሰንበት ቤት ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። አቶ ወልደሰንበት ከቦንጋ መጥተው ሠላሳ ዓመት ኮረሪማ የነገዱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወርቅዬ ግን «ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ደብቀዋል» ስትል በልቧ ፈረደችባቸው።

ሄዳ ስታንኳኳ ሽማግሌው በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አለብዎት?»

«የለም። ሰፈሩ ግን ሳይጠይቀኝ ፈርዶብኛል፤ ሱቄን የሚረግጥ ጠፍቷል።»

«እንግዲያው ቤተሰብዎ ይመርመር።»

«እሺ፤ አንቺም አብረሽን ከተመረመርሽ። በየቤቱ የምትገቢው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

ወርቅዬ እንደ ስድብ ቆጠረችው፤ እምቢ ብትል በሩ እንደሚዘጋባት ስላወቀች ግን ናሙና ሰጠች።

ውጤቱ ሲመጣ የሽማግሌው ቤተሰብ ስድስቱም ነፃ ሆኑ፤ የተያዘችው እሷ ነበረች፤ ዝርያውም ያው አዲሱ ሆኖ ተገኘ። መዝገቧን ገልጣ ቀኖቹን አስተያየች፤ አቧራ ነው ብላ የናቀችው የጉሮሮ መከርከር የጀመራት ሦስቱ ከመታመማቸው በፊት ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደም ግፊታቸውን ልትለካ በሦስቱም ቤት ገብታለች። ከሦስቱ አንዱ፣ አቶ ነገሬ፣ ተቀብረዋል።

ምንጩን በሚያሳየው ሪፖርት ላይ የራሷን ስም ከሁሉም በላይ ጻፈች። ተሽሏት ከለይቶ ማቆያ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አቶ ወልደሰንበት ሱቅ ሄደች።

«ጋሼ፣ አምጪዋ እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ፤ የነገሬ ቤተሰብና ሰፈሩ ግን ይስሙት» አሉ ሽማግሌው።

ከነገሬ ባለቤት ጀምራ በየደጁ ተናገረች፤ እሳቸው አለቀሱ፤ ከጎረቤቱ የሚበዛው ግን «ወልደሰንበት አባብለዋት ነው» አለ።

የዘመኑ የጤና ሪፖርት ወርቅዬን «አንዲት የጤና ባለሙያ» ብሎ አለፋት፤ ሰፈሩ ግን ሪፖርት አያነብምና፣ ዓመታት ካለፉም በኋላ አዲሱ በሽታ የወጣው ከወልደሰንበት ቤት ነው ይላል።