ሰሙ ላይ የቀረው ጥርስ

ሲነጋ የጉድጓድ ጠጋኙ ታከለ በጥልቁ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ራሱን ተመትቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጉድጓዱ ከሰሞኑ ያጓራል። «የውሃው ጋኔን መታው» ተባለና ሬሳውን የሚጠጋ ጠፋ። ጋኔን በካቴና አይታሰርም፤ ስለዚህ ሚሊሻዎቹ የጉድጓዱን ጥበቃ አያ መልካሙን አሰሩ።

ኢንስፔክተር ፀደንያ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሽማግሌው እግሯ ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ አልገደልሁም! ማታ ሲያጓራ ጊዜ ፈርቼ ቤቴ ገባሁ። ብታሰር ያቺን በሽተኛ ሚስቴን ማን ያይልኛል?»

ፀደንያ ከሬሳው አጠገብ ገመድ ላይ የታሰረ የብረት ክብደት አየች። ከሥሩ ቢጫ ሰም በቢላዋ ተፍቆ ተነሥቷል። ዕቃ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደውን የገመድ ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን፣ ክንዱ የተባለውን ሠራተኛ ጠራችው።

«የጉድጓዱ የብረት ቱቦ ታች ላይ ተቀዷል» አላት። «የመንደሩን ልጆች ያሳመመው ቆሻሻ የሚገባው፣ አየሩም የሚያጓራው በዚያ ነው። ታከለ በሌላ ቱቦ ከውስጥ ሊደፍነው ነበር። ዓይን እዚያ ስለማይደርስ መጀመሪያ ሰም ይወርዳል፤ የጉዳቱን መልክ ይዞ ይወጣል።»

«ሰሙን ከየት አመጣው?»

«ከቡሬ ገበያ መሰለኝ።»

ቀጥሎ ጉድጓዱን ያስቆፈረው የሥራው ኃላፊ ወንዳወቅ ቀረበ። በዚያ ብርድ ያልበዋል።

«ትናንት ከቀን ጀምሮ ቡሬ ነበርሁ። ታከለን ዓይኑን አላየሁትም፤ ስልኩም አልሠራ አለኝ።»

«ሰሙ የት ገባ?»

«ምን አውቄ! የታቦቱን ሰም ጉድጓድ አትክተት ብዬ ብነግረው አልሰማ አለ። ይኸው ተቀሠፈ።»

ፀደንያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች።

ስትመለስ ሁሉንም ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበቻቸው። መንደርተኛው ጉድጓዱን ሊደፍን ዶማ ይዟል። ከኋላዋ መምሬ ዘሚካኤል በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ቆሙ።

«ጋኔን ሰም አይፍቅም» አለች። «ሰሙን የፈራ ሰው ነው። መምሬ፣ ለታከለ መቼ ሰጡት?»

«ማታ፣ ሕዝቡ እንዳይቆጣ በምስጢር። ጎሕ ሲቀድ ግን ሰሙን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።»

ወንዳወቅ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አቶ ወንዳወቅ፣ ሰሙ የታቦት መሆኑን ማታ ታከለን ያላገኘ ሰው አያውቅም። እርስዎ ግን አትክተት ብለውታል።»

ነጠላውን ገለጠችው። ሰሙ ላይ የትልቅ መፍቻ መንጋጋ ታትሟል፤ አንድ ጥርስ ጎድሎታል።

ክንዱ ደነገጠ። «ይኼ… ቁፋሮው ላይ ጠፋ የተባለው የወንዳወቅ መፍቻ ነው!»

«አልጠፋም። ቱቦው ውስጥ ወድቆበት በኃይል ሲገፋው መፍቻው ብረቱን ቀዶ እዚያው ተሰነቀረ፤ ፈርቶም ነገሩን ደበቀ። ታከለ ትናንት ማታ ደረሰበት።»

ወንዳወቅ የመንደርተኛውን ዶማ አየ።

«ልጆቻቸው የታመሙት በእኔ መሆኑን ቢያውቁ ይገድሉኛል ብዬ ነው…»

«ሰሙን ወንዝ ብትጥለው አንደርስብህም ነበር።»

«የታቦት ነው። እንዴት ልጣለው? ፈራሁ።»

«ለሰሙ ፈራህ» አለች ፀደንያ። «ለታከለስ?»

ካቴናው ከአያ መልካሙ እጅ ወልቆ ወደ ወንዳወቅ ዞረ። ያን ጊዜ ጉድጓዱ አጓራ። አሁን የሸሸ ሰው አልነበረም፤ ወንዳወቅ ብቻ በታሰረ እጁ ጆሮውን ለመድፈን ታገለ።