ጫፉ የተቆረጠ ጓንት

የእህቴ ልጅ የጥፍር ሠራተኛ ነበረች። «ነበረች» ያልኩት አስቤበት ነው፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ትሠራበት የነበረው ቤት በአንድ ሕንፃ ሥር፣ በጫማ ሰፊና በስልክ ጥገና ሱቅ መካከል የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ወንበር፣ ሦስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መስተዋት አለው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእግር ጉዞ ስወጣ ሁልጊዜ ጎራ እል ነበርና ሥራውን በቅርብ አይቼዋለሁ። ጄል የሚባለውን ወፍራም ቀለም በብሩሽ ይቀባሉ፤ ደንበኛዋ እጇን ሣጥን ከሚመስል መብራት ሥር ታስገባለች፤ ቀለሙም ጥቂት ሳይቆይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከመጠንከሩ በፊት ግን ከጥፍሩ ዳር አልፎ ቆዳ ላይ የሚፈስ አለ። ይህን የሚጠርጉት በአውራ ጣታቸው ነው። ጥጥ ብናኝ ይተዋል፣ እንጨት ይጭራል ይላሉ። ጓንትስ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ይጥሉታል።

«ጫፉ ከተቆረጠ ጓንቱ ምን ይሠራል?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁ።

«ለደንበኛ ዓይን ነው አጎቴ፤ ንጹሕ ያስመስለናል» አለች የእህቴ ልጅ እየሳቀች።

«ሙሉ ጓንት አድርጋ የምትሠራ ልጅ ግድግዳ ትቀባ፤ ጥፍር በጣት ስሜት ነው የሚሠራው» አለች የቤቱ ባለቤት ከወንበሯ ሳትነሣ። ሠራተኞቿም ደንበኞቿም ማዳም ይሏታል።

ትንንሾቹ ጠርሙሶች ባዶ ሲሆኑ ከጓዳ ካለው ትልቅ ዕቃ እየተቀዳ ይሞላሉ። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ነገር ከተለያዩ ዓመታት አልፏቸዋል። ይህንንም አይቻለሁ፤ አይቼም ምንም አላልኩም።

ልጅቷ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ጥፍር ትሠራለች፤ በቀሩት ቀናት የጥርስ ሕክምና ትማራለች። ይህን ትምህርት የመረጠችው በእናቷ፣ ማለትም በታናሽ እህቴ ምክንያት ነው። እህቴ የፊት ጥርሶቿን ያጣችው ገና በወጣትነቷ ስለሆነ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ አንድ ቀን ያለ እጅ አስቅሻለሁ» ብላ ቃል ገብታላታለች። ይህ ቃል በቤታችን እንደ ቀልድ ይነሣ ነበር፤ ሁላችንም ግን ቀልድ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከዕቃ ካርቶን ውስጥ የወጣ፣ በባዕድ ቋንቋ በደቃቅ ፊደል የታተመ እጥፍ ወረቀት ይዛልኝ መጣች።

«አጎቴ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ። ፊደሉ ዓይኔን አጠፋው።»

ጋዜጣዬን አላወረድኩም። «ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ደብዳቤ ያነበበ ሰው፣ የጥፍር ቀለም ወረቀት ላንብብ? ይህ እኔን የሚመለከት ጉዳይ አይደለም» አልኳት።

«እሺ ጌታዬ፤ ማዳምም አያስፈልግም ብላለች» ብላ ሳቀችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። እኔም የመዝገበ ቃላቴ ገጽ ምልክት አደረግሁት።

በሦስተኛው ዓመት የተግባር ልምምድ ተጀመረ። የታካሚ ጥርስ መሙላት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት የጣቶቿ ጫፍ ያሳክካት ጀመር፤ ከዚያም ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያም ተሰነጣጠቀ። የዓይኖቿ ቆብ አብጦ አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ «አጎቴ፣ ተደባድቤ የመጣሁ አልመስልም?» አለችኝ። እናቷ የፈተና ጭንቀት ነው አለች። እኔም ሳሙና ቀይሪ አልኳት።

የቆዳ ሐኪሟ ጀርባዋ ላይ ለቆዳዋ የማይስማማውን ለመለየት የተለያየ ነገር የያዙ ትንንሽ ፕላስተሮች ለጥፋ ከቀናት በኋላ ጠራቻት። አብሬአት ገባሁ። ከፕላስተሮቹ ሥር ከነበሩት ቦታዎች አንዱ ቀልቶ አብጧል።

«ሄማ ይባላል» አለች ሐኪሟ። «በጥፍር ጄል ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። በደንብ ከጠነከረ በኋላ ብዙም አያሰጋም። እርጥቡ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ግን ሰውነት አንድ ቀን በጠላትነት ይመዘግበዋል። አንዴ ከመዘገበው አይሰርዘውም።»

«እሺ፣ ጥፍሩን እተዋለሁ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «ከተውኩት ይድናል አይደል?»

«እጅሽ ይድናል። ግን ጥርስ ስትሞሉ የምትቀቡት ማጣበቂያ አለ አይደል? ብዙ ጊዜ ይኸው ሄማ አለበት። መሙያውም የእሱ ዘመድ ነው።»

«ሁለት ጓንት ብደርብስ?»

«እነዚህን ስስ ጓንቶች በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋቸዋል። በየቀኑ የምትነኪው ከሆነ ቀጥዪ ብዬ ልመክርሽ አልችልም፤ እህቴ።»

«ሦስት ዓመት ተምሬአለሁ እኮ» አለች፤ ሐኪሟ የከለከለቻት ይመስል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እኔም ወንበሬ ላይ ኮቴን አስተካከልኩ።

ቤት እንደገባን መዝገበ ቃላቴን ከፈትኩ። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ። አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። ከቆዳ ጋር እንዳይነካካ።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ለማንበብ የፈጀብኝ ጊዜ ጫማ ከማሰር ያነሰ ነው።

«አሁን አነበቡልኝ» አለች ልጅቷ። በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ማዳም ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጥፍር እኮ የሞተ ነገር ነው» አለች። «የሞተ ነገር ደግሞ አይታመምም። አለርጂ የቅምጥሎች በሽታ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራበት ምን ሆንኩ?»

ይህን እያለች ስልኳን ለመክፈት አውራ ጣቷን ደጋግማ ትጫን ነበር። ስልኩ እምቢ አላት። የጣቷ ጫፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አሻራው ጠፍቷል።

«ይኸው ስልኬ እንኳ ካደኝ» ብላ ሳቀችና በቁጥር ከፈተችው።

«ጣትሽን ተመልከቺው እንጂ ልጄ!»

«ዕድሜ ነው ጋሼ። ይልቅ የከለከለኝ ሕግ ካለ ያሳዩኝ። ሕግ ያሳዩኝና ዛሬውኑ እደፋዋለሁ።»

ይህ ንግግር አኮራኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ወደ ገበያ የሚገባ ዕቃ በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት፣ በደብዳቤ ክፍል ኃላፊነት ነውና ሕግ እንዴት እንደሚጠየቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን፣ የሐኪሟን ማስረጃና የጓዳውን ዕቃ ነገር ዘርዝሬ፣ ሌሎች አገሮች በሄማ ላይ ማስጠንቀቂያና ገደብ እንዳደረጉ ጠቅሼ፣ ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ።

«የተጠቀሰው ዕቃ ለጌጥ የሚውል እንጂ መድኃኒት ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ ይህንን መሥሪያ ቤት የማይመለከት መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

ዓረፍተ ነገሩን ገና ሳልጨርሰው አወቅሁት። የእኔ ነው። በወጣትነቴ አንዲት እናት ስለ ጸጉር ቀለም ለጻፈችው አቤቱታ መልስ እንድሰጥ ታዝዤ ያረቀቅሁት ነው። አለቃዬ አመስግኖኝ ለመሰል ጉዳዮች ሁሉ አብነት እንዲሆን አዘዘ። እኔም በአጭርነቱ ስኮራ ኖሬአለሁ። ያቺ እናት ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ለሁለተኛ መሥሪያ ቤት ጻፍኩ፤ የመጀመሪያውን ጠይቁ አለኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ወረቀቱን በአማርኛ ተርጉሜ፣ በጉልህ ፊደል ጽፌ ለማዳም ወሰድኩላት። ሽበቴን አክብራ መስተዋቱ አጠገብ ለጠፈችው። በእህቴ ልጅ ወንበር ላይ አዲስ ሠራተኛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቆሜ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብዬ አነበብኩላት።

«እሺ አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለችኝ ከልቧ። ከዚያም ወደ ሥራዋ ጎንበስ ብላ፣ ጫፉ ከተቆረጠው ጓንት ብቅ ባለው አውራ ጣቷ የፈሰሰውን ጄል ጠረገች።

ወገኖቼ፣ ጥፍር መቀባት ነውር ነው አላልኩም። የምትሠሩ ልጆች ሆይ፣ እርጥቡን በቆዳችሁ አትንኩ፤ የጓንታችሁን ጫፍ አትቁረጡ፤ ከምን እንደተቀዳ የማታውቁትን አትቀቡ። ደንበኞችም ጠርሙሱን አስነብቡ። በወንበር ያላችሁ ባለሥልጣናት ደግሞ ያንን ዓረፍተ ነገር ከመዝገባችሁ ሰርዙልኝ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ግን መሰረዝ አልቻልኩም።

ትናንት ከምሳ በኋላ የሁለተኛውን መሥሪያ ቤት መልስ ለቤተሰቡ አነበብኩ። የእህቴ ልጅ፣ ትምህርቷን ካቋረጠች ስድስተኛ ወሯ ነው፣ በነጭ የጥጥ ጓንት የተሸፈኑ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አዳመጠችኝ።

«ከነዚህስ የማዳም ስልክ ይሻላል» አለች። «እሱ ቢያንስ አላውቅሽም ብሎ በግልጽ ይነግራታል።»

እናቷ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያውም እጇ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሄደ። ልጅቷ ያንን እጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ እኔም ደብዳቤውን አጥፌ ከመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከተትኩት።