ያልደረቀችው ማሰሮ

ይህ ተረት አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

የነገረችኝ ራሷ ምንትዋብ ናት። ውሸት አታውቅም፤ ብታውቅም ለመዋሸት ጉልበቱ የላትም።

ጨለማ ነበር ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና። ዓመቱ በፈረንጅ 1978። ያኔ እዚያ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ብሎ ነገር የለም። ጥቂት የአዲስ አበባ ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሁሉም የደከማቸው...

ምንትዋብ የመጣችው አርት ልትማር ነበር። አገር ቤት ነገሩ ሲገለባበጥ ስኮላርሺፑ ቆመ፣ ትምህርቱም አብሮ ቆመ። እሷ ግን መቆም አልቻለችም። ሚስስ ዩን የምትባል የኮሪያ ሸክላ አርቲስት ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጠረች።

ሚስስ ዩን የድሮ የኮሪያ ማሰሮዎችን በራሷ መልክ ነው የምትሠራው። ድሮ የኮሪያ ነገሥታት ልጅ ሲወለድላቸው የእንግዴ ልጁን ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይከቱታል። ትንሿን ማሰሮ ትልቅ ጋን ውስጥ ያስገቡና ተራራ ላይ ይቀብሩታል። ሚስስ ዩን ያንን ትወስድና አፉን ታንጋድደዋለች፣ ሆዱን ታጎብጠዋለች፣ ነጩን ቅብ ግማሹን ብቻ ቀብታ ትተወዋለች።

"የድሮውን እንደ ድሮው ከሠራሁት ሙዚየም ሆንኩ ማለት ነው" ትላለች። "እኔ ደግሞ ገና አልሞትኩም።"

ምንትዋብ ወልዳ ወገቧ ሳይጠና ነው ወደ ሥራ የተመለሰችው። አራስ ጥየቃ፣ ገንፎ ምናምን የሚባለውን እርሱት። ባሏ ኅሩይ ኢንግልዉድ አካባቢ ታክሲ ይነዳል፤ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ሕፃኑን ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት እትዬ ኤልፍነሽ ይይዙላታል። ክርስትና ስላልተነሣ ለጊዜው ስሙ ማሙሽ ነው።

የማሙሽ እትብት ደርቆ ወደቀ።

አገር ቤት ቢሆን ጓሮ ይቀበር ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጓሮ ከየት ይመጣል? ታች ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፣ አስፋልት። ቆሻሻ ውስጥ መጣል ደግሞ ነውር ነው፤ ያስፈራልም። በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ጀመር። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ...

አንድ ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዋን ሳለች መደርደሪያው ላይ ትንሽ ማሰሮ አየች። ገና እርጥብ ናት።

ሸክላም ያው አፈር ነው፣ አለች በልቧ።

እትብቱን ከተተችው። ክዳኗን ገጥማ ዙሪያውን በቀጭን ጭቃ ለጠፈችው። ሚስስ ዩንን ለምና ማሰሮዋን ልትወስድ፣ እሁድ ኅሩይ ሲያርፍ ከከተማው ዳር ወዳለው ተራራ ወስደው ሊቀብሯት አሰበች። ቀለል አላት። ከወለደች ጀምሮ እንደዚያ ቀሏት አያውቅም።

ለሚስስ ዩን ግን አልነገረቻትም። ድካሙ አስረሳት።

ሐሙስ ዕለት ስትገባ ምድጃው እየነደደ ነበር። ጋዙ ያጉረመርማል።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው።

"ምንትዬ፣ ልጁ ሞቅ ብሎታል።"

"ብርድ ልብሱን ያንሱለት እትዬ።"

"አንስቼለታለሁ።"

ሚስስ ዩን ጋዙን ከፍ አደረገች... ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ጨመረበት እኮ ልጄ። አያለቅስም። ዝም ብሎ ያየኛል።"

"ታይለኖል ሰጡት?"

"ሰጠሁት። ላብ የሚባል የለውም። ትኩሳት ያለ ላብ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ለኅሩይ ታክሲ ቢሮ ይደውሉ፣ ኢመርጀንሲ እንወስደዋለን። መጣሁ፣ ኦኬ? አሁኑኑ መጣሁ!"

ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች። መደርደሪያው ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

ማሰሮዋ የለችም።

"ትንሿ ማሰሮስ?"

"ውስጥ ናት" አለች ሚስስ ዩን ወደ ምድጃው እየጠቆመች። "ክዳኗን የለጠፍሻት አንቺ ነሽ? ጥሩ ሐሳብ ነው። እንዳትፈነዳ በመርፌ በሳሁላት።"

የምድጃው በር ላይ ወደ ውስጥ የሚያዩበት ቀዳዳ አለ። ምንትዋብ ውታፉን ነቅላ አጮለቀች።

ውስጡ በሙሉ ፍም ነው። ጋኑም፣ መደርደሪያውም፣ ግድግዳውም ቀልተዋል።

መሃል ላይ ያለች አንዲት ማሰሮ ግን... ጥቁር ናት።

እርጥብ ናት። አሁን ከእጅ የወጣች ይመስል ጭቃዋ ያብለጨልጫል። ከክዳኗ ቀዳዳ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ይቆማል። ይወጣል። ይቆማል።

የተኛ ሕፃን እንደሚተነፍሰው።

"ያጥፉት!"

"ምን ሆንሽ?"

"ያጥፉት! ልጄ ነው!"

ሚስስ ዩን ጠጋ ብላ አጮለቀች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ጋዙን ዘጋች።

"ውስጧ ምን ከተትሽ?" አለች በሹክሹክታ።

ምንትዋብ ቃሉ በእንግሊዝኛ ጠፋት። የራሷን እምብርት ነካች።

ሚስስ ዩን ገባት።

"ስሚኝ። በሩን እንዳትነኪው። አሁን አየር ከገባ ትሰነጠቃለች። እስከ ነገ በራሷ ጊዜ ትቀዝቅዝ።"

"ልጄስ?"

ሴትዮዋ ውታፉን ወደ ቀዳዳው መለሰች።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ኤልፍነሽ እያለቀሱ ነው።

"ኅሩይ መንገድ ላይ ነው አሉኝ... ምንትዬ፣ ልጁ እጄን አቃጠለኝ። እመብርሃንን! መዳፌ ውሃ ቋጠረ!"

እንግዲህ ፍረዱ። የትኛዋ እናት ናት እስከ ነገ የምትጠብቀው?

የሚስስ ዩንን ጓንት አጥልቃ የምድጃውን በር ሳብ አደረገችው። ጥቂት ነው፣ ጣት የሚያስገባ ያህል። ወላፈኑ ቅንድቧን ለበለበው። ሚስስ ዩን በኮሪያኛ ጮኸች።

ከውስጥ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ።

ጢን።

ያ ብቻ። ሚስስ ዩን ገፍትራት በሩን ዘጋችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ምንትዋብ ማንሳት ፈራች። አነሳችው።

"በረደለት! ልጄ፣ በረደለት! ጡጦውን ጠባ፣ አሁን ተኛ። ተመስገን በይ!"

ምንትዋብ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን ስትነግረኝ አሁንም ታፍራለች።

ኅሩይ ልጁን ሆስፒታል ወሰደው። ሐኪሙ አገላብጦ አየው፣ ምንም የለበትም አለ።

በማግስቱ ማሙሽን ታቅፋ ስቱዲዮ ሄደች። ማሰሮዋን ተቀብላ በዚያው ቀን ልትቀብራት ነው፤ እሁድን መጠበቅ ቀርቷል። ሚስስ ዩንም አልተኛችም፣ ዓይኗ ቀልቷል። ምድጃውን ከፍታ ማሰሮዋን በሁለት እጇ አወጣቻት።

ነጭ ሆናለች። ታምራለች። ሚስስ ዩን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠቻት፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያዋን ዳበሰች። አንድም መስመር የለባትም።

"ተርፋለች" አለች።

ምንትዋብ የማሙሽን ግንባር ሳመች። 

ሸክላ ሠሪ ግን ዓይኑን ብቻ አያምንም። ጤነኛ ሸክላ በጣት ሲመቱት ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ሚስስ ዩን ማሰሮዋን መዳፏ ላይ አስቀምጣ በጥፍሯ መታ አደረገቻት።

ምንም ድምፅ የለም...

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

ሚስስ ዩን ደግማ መታቻት፣ ጠንከር አድርጋ።

ድምፁ መጣ።

ከማሰሮዋ አይደለም። ከምንትዋብ እቅፍ ነው፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ማሙሽ አልነቃም። ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ድምፁ ጥርት ያለ አልነበረም።