ያልተነካው የተልባ ብርጭቆ

ዋለልኝ የሞተው በቅዳም ሹር ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንቱ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው። ነጠላውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ነበር። ፊት ለፊቱ አንድ ብርጭቆ ተልባ እንደ ሞላ ተቀምጧል። ከብርጭቆው አጠገብ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ የመድኃኒት ላስቲክ ነበር።

እህቱ ምህረት ከልጇ ከዮዲ ጋር ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ላስቲኩን ነው። ወደ ወንድሟ ሩምሜት ወደ ብሥራት ዞረችና ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጠየቀችው።

«ምን አበላኸው?»

ወሬው በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ብሥራት ከዋለልኝ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። አሁን ግን ማክሰኞ ቀብሩ ላይ እንዳይታይ በሰው ተላከበት።

ከአስከሬን ምርመራ ቢሮ የመጣችው መርማሪ ማኅደር ትባላለች። ብዙ ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ከመናገር መስማት የምትወድ ሴት ናት። ነጠላውን ቀስ ብላ ገለጠችው። ከቀኝ መንጋጋው ሥር እስከ አንገቱ ድረስ አብጦ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ደረት ኪሱ ውስጥ ጥቂት የቅርንፉድ ፍሬ አገኘች። ትከሻው ላይ የነበረው ፎጣ ርሷል፤ ይሸታል።

«መድኃኒቱ ነው ያሳበጠው» አለች ምህረት።

ብሥራት አልካደም። ረቡዕ ዕለት ዋለልኝን ጥርሱን ሲያመው ከአገር ቤት ከመጣለት የአሞክሳሲሊን ክኒን አራት ፍሬ እንደሰጠው፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ዋለልኝ «ሕመሙ ተወኝ» ብሎት ሁለቱም ደስ እንዳላቸው ተናገረ። ማኅደር ከፍሪጅ ውኃ ቀድታ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨፍግጎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምህረት ይህን አይታ አንገቷን ነቀነቀች። ጥፋተኝነቱ ፊቱ ላይ የተጻፈ መሰላት።

ማኅደር ሌላ ነገር ጠየቀች። በሳምንቱ ስንት ሰው እንዳየው ማወቅ ፈለገች። ምህረት ሕዝቡ ሁሉ እንዳየው፣ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ እንደዋለና ምግብ ባለመቅመሱ ሰው እንዳደነቀው ነገረቻት።

«ማን ሳመው?»

«በሰሞነ ሕማማት ማን ይሳሳማል?» አለች ምህረት ተገርማ።

ማኅደር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት ሲመጣ፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሦስቱንም እዚያው አፓርትመንት ሰበሰበቻቸው።

«ማንም አልመረዘውም» ብላ ጀመረች። «ዮዲ የሆሳዕና ዕለት ያነሳችው ፎቶ እዚህ አለ። ዘንባባውን ግንባሩ ላይ አስሯል፤ ቀኝ ጉንጩ ግን ያኔም አብጧል። ክኒኑን የወሰደው ረቡዕ ነው። ስለዚህ እብጠቱ ከክኒኑ አልመጣም። ጥርሱን ሊያደነዝዝበት የያዘው ቅርንፉድ ደግሞ ሕመሙ የቆየ መሆኑን ይነግረናል።»

«ታዲያ ዓርብ ለምን ተወው?» አለ ብሥራት።

«የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ ነው። መግሉ ግን ወደ አንገቱ ወረደ። ሕመም ቆሞ እብጠት ከቀጠለ መዳን አይደለም። ተልባው ያልተነካው ለጾም ሲል አልነበረም፤ መዋጥ አቅቶት ነው። ፎጣው የረሰው በምራቁ ነው። ቁጭ ብሎ ያደረውም ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው። ጉንጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። መዋጥ ካቃተ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል።»

ማስታወሻዋን ገለጥ አደረገች። «በሌላ ሳምንት ቢሆን አንድ ሰው ጉንጩን ስሞ ትኩሳቱን ባወቀ ነበር።»

ከዚያ የዋለልኝን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ታኮማ ፓርክ ያለ የጥርስ ክሊኒክ መልእክት ትቶ ነበር። የዓርቡ ቀጠሮ ለዛሬ፣ ለሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል ይላል።

«ቀጠሮውን ያስያዝኩለት እኔ ነኝ» አለ ብሥራት። «ራሱ የተወው መስሎኝ ነበር።»

«ዋለልኝ እንግሊዝኛ አይችልም» አለች ማኅደር። «ማን ደወለ?»

ዮዲ እናቷን አየች። «አይ ኮልድ፤ እኔ ነኝ የደወልኩት» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ቀጠሮውን ሪስኬጁል አድርጊ ብላኝ።»

ምህረት የነጠላዋን ጫፍ ጨመደደች።

«ቀጠሮው ስቅለት ላይ ነበር» አለች። «ለፋሲካ አብረን ልንቆርብ ተነጋግረናል። ጥርሱን ነቅለውት ደም እየፈሰሰው እንዴት ይቆርባል? ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ ነው።» ከዚያ ቀና አለች። «ዓርብ ቢሄድ ይተርፍ ነበር?»

ማኅደር ልታጽናናት አልሞከረችም። «ዓርብ አፉን ያየ ሐኪም በቀጥታ ሆስፒታል ይልከው ነበር» አለቻት።

ከዚያ ማኅደር ወደ ብሥራት ዞረች። «አንተንስ ቀዝቃዛ ውኃ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

ብሥራት ግራ ጉንጩን ያዝ አደረገ። «ትንሽ ነች። ወር ይሆናታል። ከቀብሩ በኋላ አሳያታለሁ።»

ምህረት ተነሣች። የወንድሟን ስልክ አንስታ ራሷ ደወለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የዘጠኝ ሰዓቱ ሰው እንደማይመጣ፣ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው እንደምታመጣ ነገረቻቸው። ስም ሲጠይቋት የብሥራትን ስም ፊደል በፊደል ቆጠረችላቸው።

ስልኩን ዘግታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

«እትዬ ምህረት፣ ነገ ቀብር ነው እኮ» አላት ብሥራት።

«ነገ ከእኔ አጠገብ ትቆማለህ» አለችው። «አሁን ጫማህን አድርግ።»